ስለ ጎረቤት መቆም

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ባዶ ቃል አልነበረም። በቀደመው ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ተጣልተው አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ብሎ በጮኸ ጊዜ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ በዚያ የሚያልፈው መንገደኛ ዳኛ ሆኖ እንዲሰማቸው ይለመናል። መንገደኛው ቢቸኩልም፣ ነገሩ የእርሱ ባይሆንም፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ተሟጋቾቹ «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ ያዳምጣል፤ ክርክሩ ከአቅሙ በላይ ሲሆንም ወደ አካባቢው ሹም ይመራቸዋል። በየዘመኑ አገራችንን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ይህን ልማድ እያደነቁ ጽፈውታል።

ይህን ስንል ያ ዘመን ፍርድ የሰፈነበት ነበር ማለታችን አይደለም። አውጫጭኝ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር አንገላትቷል፤ ሌባሻይም ያልሰረቀውን ሌባ አሰኝቷል። ይሁን እንጂ በዚያ የመንገድ ዳኝነት ውስጥ ሊረሳ የማይገባው አንድ ነገር ነበረ። ይኸውም መንገደኛው «አያገባኝም» ብሎ ማለፍ ነውር መሆኑ ነው። የሌላው ሰው አቤቱታ እስኪሰማ ድረስ የእርሱም መንገድ ይቆም ነበር።

ዛሬ ነጠላ አይቋጠርም። ክርክሩ በወረቀት ነው፤ ዳኝነቱም ለተማረና ለተሾመ ሰው ተሰጥቷል፤ ይህም የተገባ ነው። ታዲያ ከዚያ አሮጌ ግዴታ ለእኛ የተረፈን ምንድን ነው? የጎረቤታችን የፍርድ ቤት ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነውን? ከሆነስ እስከ ምን ድረስ? በዚህ ጽሑፍ ልናስብበት የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው።

ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ከአንድ ምሳሌ እንነሣ። ምሳሌው የአንዲት የታወቁ ሴት ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን በደምበጫ፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ለኖረ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ከደምበጫ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው ይኖራሉ። በሬ የላቸውም፤ ልጆቻቸውም ገና ለእርሻ አልደረሱም። ስለዚህ መሬታቸውን ለአንድ ጎረቤት ገበሬ በእኩል ይሰጣሉ። በሦስተኛው ዓመት ችግር ጠንቶባቸው ከዚሁ ገበሬ ጥቂት ብር ሲቀበሉ፣ በአንድ ወረቀት ላይ የጣት አሻራቸውን ያኖራሉ። ወረቀቱ ምን እንደሚል ያነበበላቸው የለም። ዓመታት አልፈው ልጆቹ ሲጎለምሱ «መሬቴን መልስልኝ» ይላሉ፤ ገበሬው ግን ያንን ወረቀት አውጥቶ «ለረጅም ዘመን የተከራየሁት ነው» ይላል።

እንግዲህ እኚህ እናት መክሰስ አለባቸው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ወረዳው ከተማ ይወርዳሉ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻውን ይጽፍላቸዋል፤ ሆኖም ያልተነገረውን ሊጽፍ አይችልም፤ እርሳቸውም ምን መነገር እንዳለበት አያውቁም። የባላቸውን ሞት፣ የበሬውን መሸጥ፣ የዘመዶቻቸውን ጭካኔ ይናገራሉ፤ ውሉ የተደረገበትን ቀን፣ የምስክሮቹን ስም፣ የመሬቱን አዋሳኝ ግን ሳይናገሩ ይቀራሉ። ማመልከቻው የኀዘን ደብዳቤ ይሆናል እንጂ የክስ አቤቱታ አይሆንም።

ከዚያም ቀጠሮ ይሰጣቸዋል። ቀኑን በቃል ይዘው ይመለሳሉ። ቀጠሮው ለወሩ 13 ቀን ከሆነ «የሚካኤል ማግስት» ብለው በልባቸው ያኖሩታል፤ የየትኛው ወር ሚካኤል እንደሆነ ግን ከችሎቱ ደጃፍ ሲወጡ ይጠፋባቸዋል። ከሳሽ በቀጠሮው ካልቀረበ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ክርክሩ ተሰምቶ ቢፈረድባቸውም ይግባኝ አለ ይባላሉ፤ ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሰጠው ጊዜ ፍርዱ ከተነገረ በኋላ 60 ቀን ብቻ ነው። ይግባኙ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይወስዳቸዋል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ለመኪና የሚከፍሉት፣ ለማደሪያ የሚሰጡት ለሌላቸው ለእኚህ እናት ግን መንገዱ ሳይጀመር ያልቃል።

በመጨረሻ ሰው ሁሉ «ተከራክረው ተረቱ» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እኚህ እናት አልተረቱም፤ ጭራሽ አልተሰሙም። ልብ እንበል፦ ገበሬው ሐሰተኛ ነው አላልንም። ምናልባት ወረቀቱ እውነት ይሆናል፤ ምናልባትም ስምምነቱ እርሱ እንደሚለው ነበር። ይህን ማንም አያውቅም፤ የማይታወቀውም ነገሩ ከዳኛ ፊት በአግባቡ ስላልደረሰ ነው። በደሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሕጉ የሰጠው፣ መንገዱ ያስቀረው

አገራችን በሕግ ረገድ ለድኻው ምንም አላሰበችም ማለት አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በአንቀጽ 20 ደግሞ በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ የማቆም አቅም ቢያጣና በዚህም ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን፣ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት አዝዟል። ከዚያ ቀድሞ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው በደኻ ደንብ ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል።

ባለሙያዎቹም ግዴታ ተጥሎባቸዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጓል። በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በደብረ ማርቆስ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም በሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው በኩል ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት ከፍተዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለብዙ ችግረኛ ሴቶች በነጻ ጠበቃ ቆሟል፤ በየአካባቢውም የበጎ ፈቃድ ኮሚቴዎችን አደራጅቶ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከመቶ ዐሥር እንዳይበልጥ በማድረጉ፣ የዚህ ማኅበር ሥራ እጅግ ተዳክሞ ቆየ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል።

እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ሆኖም ሁሉም ችግረኛው እስከ ደጃፋቸው እንዲመጣ ይጠብቃሉ። በደኻ ደንብ መክሰስ እንደሚቻል የማያውቅ ሰው ደንቡ አይጠቅመውም። የባሕር ዳሩ ማዕከል ነጻ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መኪና ግን ነጻ አይደለም። የጠበቃው 50 ሰዓት ከከተማ ሳይወጣ ሊያልቅ ይችላል። በሕጉ ደጃፍና በእኚያ እናት ጎጆ መካከል ያለው መንገድ የማንም የሥራ ድርሻ ሆኖ አልተጻፈም። በዚያ መንገድ ላይ ሊገኝ የሚችለው ጎረቤት ብቻ ነው።

ጎረቤት ስንል ማንን ነው? ማንበብ የሚችለውን የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ የቀበሌውን መምህር፣ ጡረታ የወጣውን ጸሐፊ፣ የጤና ሠራተኛዋን፣ ካህኑን፣ ወደ ከተማ ዘወትር የሚመላለሰውን ነጋዴ ማለታችን ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለእሳትና ለለቅሶ ብቻ መሆን የለበትም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሦስቱም ቀላል አይደሉም።

የመጀመሪያው «ሰውን ነገረኛ ታደርጋላችሁ፤ ሽማግሌ እያለ ፍርድ ቤት ማስለመድ አገር ያፈርሳል» የሚለው ነው። ሽምግልናን እናከብራለን፤ በገጠራችን ብዙ ደም ያደረቀ፣ ብዙ ትዳር ያቆመ እርሱ ነው። ነገር ግን እርቅ እርቅ የሚሆነው ሁለቱም ወገኖች ምን እንደተዉ ሲያውቁ ነው። መብቱን የማያውቅ ሰው «ለሽማግሌ ስል ትቼዋለሁ» ቢል ምሕረት አደረገ አይባልም፤ ያላወቀውን ነገር ተቀማ እንጂ። የወረቀቱን ይዘት ያነበበ ጎረቤት የሽማግሌዎቹን ሥራ ያቃናል እንጂ አያፈርስም። ደግሞም ለእርቅ ብቻ ሊተው የማይገባ በደል አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ስታመልጥም ጠላፊዋን ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ጉዳዩ በልማድ ቢታይ ኖሮ መጨረሻው ምን ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ቆሞላት፣ ራሷን ስትከላከል የፈጸመችው መሆኑ ታምኖ ነጻ ወጣች። የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የተጠለፈችውን ካገባት ከቅጣት እንዲያመልጥ መንገድ ይሰጥ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን መንገድ ዘግቶታል። የአንዲት ልጅ መሰማት ለብዙ ልጆች ተርፏል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። በከተማ ያለ ጠበቃ ደንበኛውን እንጂ ባላጋራውን አያውቀውም። በገጠር ግን ከሳሽም ጎረቤት ነው፤ ተከሳሽም ጎረቤት ነው። እኚያን እናት የምንረዳ ከሆነ፣ ያ ገበሬ ነገ በወንፈል አብሮን የሚያጭድ፣ በለቅሶ አብሮን የሚቀመጥ፣ ምናልባትም የልጃችን ክርስትና አባት ነው። አንዱን መርዳት ሌላውን መጉዳት አይሆንምን? ብዙ ቅን ሰዎች ዝም የሚሉት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ይህን ፈርተው ነው።

መልሱ የሚገኘው ለጎረቤታችን ያለብን ዕዳ ምን እንደሆነ ስንለይ ይመስለናል። ለጎረቤታችን ድል የለብንም። ድል የሚሰጠው እውነትና ሕግ ነው፤ እኛ እውነቱን ሙሉ በሙሉ አናውቀውም፤ ባወቅነው እንኳ ዳኞች አይደለንም። ያለብን እንዲሰማ ማድረግ ነው። ወረቀቱ እንዲነበብለት፣ ቀኑ እንዳያልፈው፣ ነገሩን ከዳኛ ፊት በቅጡ እንዲያስረዳ መርዳት ነው። ይህ ደግሞ ለአንዱ ተሰጥቶ ከሌላው የሚቀነስ ነገር አይደለም። ገበሬው ነገ ተከሶ መጥሪያው ቢደርሰውና ማንበብ ቢያቅተው፣ ትናንት ለባልቴቷ ያነበበው ያው ተማሪ ለእርሱም ሊያነብለት ይገባል። እንዲያውም በጎ ፈቃደኛው ወገንተኛ አለመሆኑ የሚታወቅበት ፈተና ይህ ነው፦ ለባላጋራው ይህንኑ ለማድረግ ፈቃደኛ ነውን? ፈቃደኛ ከሆነ ሠፈሩን አልከፈለም፤ ሁለቱንም ወደ አንድ ዳኛ አቀረበ። ፈቃደኛ ካልሆነ ግን ሥራው ረድኤት መሆኑ ቀርቶ ጠብ ሆኗል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የረዳቱን ልብ ይመለከታል። የሰው ጉዳይ ይዞ የሚመላለስ ሰው ቀስ በቀስ የጉዳዩ ባለቤት ይሆናል። መጀመሪያ «አመሰግናለሁ» ይባላል፤ ከዚያ ዶሮና ቅቤ ይመጣል፤ ከዚያም የእርሻ ጉልበት ይለመናል፤ በመጨረሻም ችግረኛው ከአንዱ ባለዕዳ ወጥቶ የሌላው ባለዕዳ ይሆናል። ይህ እየሆነ ያለ ነገር ነው፤ መካድ አይገባም። ስለዚህ ከመነሻው ወሰን ማበጀት ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ በጥብቅና መቆም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ጠበቃ ላልሆነ ሰው በውክልና መከራከርን የፈቀደው ለቅርብ ዘመድ ነው። እንግዲህ ጎረቤቱ ማድረግ የሚገባው የተወሰነ ነው። ሰነድ ማንበብና ትርጉሙን መንገር፣ የነገሩን ቅደም ተከተል ከነቀኑና ከነምስክሮቹ በወረቀት ማስፈር፣ ቀጠሮውን ጽፎ በግድግዳ ላይ መለጠፍና ዋዜማውን ማስታወስ፣ ወደ ችሎት አብሮ መሄድ፣ በደኻ ደንብ እንዴት እንደሚከሰስና ነጻ ጠበቃ የት እንደሚገኝ ማመልከት። ከዚህ ያለፈውን ለባለሙያው መተው አለበት። አሻራ ሲደረግ አይቶ መመስከር ይችላል፤ ውሉን ግን ራሱ አያርቅ። ገንዘብ አይቀበል፤ «እንድትረታ አደርግሃለሁ» አይበል፤ የሰማውንም ምስጢር ወደ ጠጅ ቤት አይውሰድ።

በውጭው ዓለም ታሪክም ይህን ወሰን በሕይወቱ ያሳየ ሰው አለ። የጠበቆች ባልደረባ ተብሎ የሚከበረው ቅዱስ ኢቮ እ.ኤ.አ. በ1253 በፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ተወለደ፤ በፓሪስና በኦርሌያን ሕግ ተማረ፤ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤትም ዳኛ ሆነ። እርሱ በማይዳኝባቸው ፍርድ ቤቶች ግን ለድኾች በነጻ ይከራከር ነበር፤ ወደ እስር ቤትም ይሄድላቸው ነበር። ቢሆንም ክርክር ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ይደክም ነበር እንጂ ጠብን አልወደደም። ለድኻው መቆምና እርቅን መሻት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው መኖር እንደሚችሉ ከእርሱ እንማራለን።

አለመሰማት ያለው ዋጋ

ምናልባት «ይህ ሁሉ ለአንድ ጥማድ መሬት ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። በጎጃም የኖረ ሰው ግን እንዲህ አይልም። «በሚስቱና በርስቱ የመጣን አይወድም» የተባለው በከንቱ አይደለም። በሕግ ያልተሰማ ሰው ሁልጊዜ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዳንዱ በልቡ ቆስሎ ይሞታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልጁ አድጎ እንዲበቀልለት ቂም ያወርሳል። ከፍርድ ቤት ደጃፍ ተመልሶ በድንበር ላይ የፈሰሰ ደም ስንት ቤት እንደዘጋ የማያውቅ የለም።

በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የተካሄደው የመሬት ሽግሽግም ይህን ያስታውሰናል። በዚያን ጊዜ መሬት ያልነበራቸው ብዙዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ በስማቸው ይዞታ አግኝተዋል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነበር። በሌላ ወገን በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ያገለገሉ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ይዞታቸው ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ እንዳይበልጥ ተደረገ። ከእነርሱ መካከል የበደለ ነበረ፤ ያልበደለም ነበረ። ለይቶ የሚሰማቸው ግን በቅርብ አላገኙም፤ ስለዚህም ከጎጃም ተነሥተው አዲስ አበባ ድረስ ለአቤቱታ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ። ሽግሽጉ ይገባ ነበር የሚልም፣ አይገባም ነበር የሚልም ሰው በአንድ ነገር ሊስማማ ይችላል፤ ሰው በስሙ እየተጠራ ሳይሆን በተለጠፈበት ስያሜ ሲፈረድበት ቁስሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ፣ የባልና የሚስትም ስም በአንድነት መመዝገቡ ብዙ ክርክር አቅልሏል። ይሁን እንጂ ደብተሩ የሚከላከለው ላነበበው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ በክልላችን የተነሣው የትጥቅ ግጭት ደግሞ ችግሩን አባብሶታል። መንገድ በተዘጋበት ቀን ቀጠሮ ያልፋል፤ ጽሕፈት ቤት ባልተከፈተበት ወር ሰነድ አይገኝም፤ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው ደብተሩን ይዞ ላይወጣ ይችላል። በበቂ ምክንያት ከቀጠሮ የቀረ ሰው የተዘጋ መዝገቡ እንዲከፈትለት ማመልከት እንደሚችል የሚያውቁ ስንቶች ናቸው? ይህን አንድ ነገር ለጎረቤት መንገር የአንድ ቤተሰብን ኑሮ ሊያተርፍ ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ታላቅ ማኅበር ማቋቋም፣ ታላቅ ገንዘብ ማሰባሰብ ለሚችል መልካም ነው። እኛ ግን ከትንሹ እንጀምር እንላለን። በእያንዳንዱ ዕድር፣ በእያንዳንዱ ማኅበር ውስጥ ማንበብ የሚችሉ፣ በሠፈሩም የታመኑ ሁለት ሰዎች ይመረጡ፤ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን፤ ለወንድ የማይነገር በደል አለና። እነዚህ ሰዎች የሕግ ባለሙያ ጋብዘው ወሰናቸውን ይማሩ። በገበያ ቀን ለአንድ ሁለት ሰዓት በታወቀ ስፍራ ይቀመጡ፤ ወረቀት ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ ከሳሽ ይሁን ተከሳሽ ሳይለዩ፣ ያንብቡለት። ዕድሩ ለቀብር እንደሚያዋጣው ሁሉ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ለሚሄድ ችግረኛ የመኪና ዋጋ ቢያዋጣ አይከብደውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ነውና።

ይህን ስናደርግ ሁልጊዜ ደስ የሚል ፍጻሜ እንደማናይ ከወዲሁ ማወቅ ይገባናል። አብረናቸው የሄድናቸው እናት ሊረቱ ይችላሉ፤ የገበሬው ወረቀት እውነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ «በከንቱ ደከምን» ማለት አይገባንም። ነገራቸው ተነግሮ፣ ምስክራቸው ተሰምቶ፣ የፍርዱ ምክንያት በሚገባቸው ቃል ተነግሯቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ በመንገድም ብቻቸውን አይደሉም። ከገበሬውም ጋር በማግስቱ በአንድ ምንጭ ውሃ መቅዳት ይችላሉ። ለጎረቤት የሚገባው ይህን ያህል ነው፤ ይህንንም ከእኛ ሊጠይቅ መብት አለው። «በሕግ አምላክ!» የሚለው ጥሪ ዛሬም ከየጎጆው ይሰማልና ቆመን ልናዳምጠው ይገባናል።